የአንባቢያን ጥያቄ፦ በየበሩ እሰጣለሁ፣ ልቤ ግን አይሞላም

ሰላም ውድ አንባቢዎች፣ እንኳን ለጾሙ እኩሌታ አደረሳችሁ። በጾም መሃል የተላኩ ስለሆኑ ይመስለኛል የዚህ ወር ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ናቸው፣ ክርስትናዬ ከቤተክርስቲያን ግቢ ሲወጣ ምን ይመስላል የሚል ነው። ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፣ ደብዳቤዋን ሳነብ የድሮዋን እራሴን ስላየኋት ነው።

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ስራዬ ስታዲየም አካባቢ፣ አካውንታንት ነኝ። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እጾማለሁ፣ ወር በገባ በ1 ልደታን፣ በ17 ደግሞ ስራ ከመግባቴ በፊት እስጢፋኖስን እሳለማለሁ። በር ላይ ያሉትን ነዳያን ዝም ብዬ አላልፍም፣ ዝርዝር ይዤ ነው የምሄደው፣ አምስትም አስርም ብር እያልኩ ለአስር ለአስራ አምስት ሰው እሰጣለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርሽ ምንም አይሰማኝም። ቅድም የሰጠሻት ሴትዮ ልጅ አዝላ ነበር ወይ ብትይኝ አላውቅም። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ እነዚህ እኮ አለቃ አላቸው፣ አንቺ ስንፍናን ነው የምታበረታቺው ይለኛል፣ ከዛ በኋላ ስሰጥ እጠራጠራለሁ ሳልሰጥ ደግሞ ይከፋኛል።

ሌላው፣ እኛ ብሎክ 4ኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ቤሩት ከሄደች ስድስት ዓመት ሊሆናት ነው፣ ብር ትልካለች፣ የቤት ኪራይም አይቸገሩም፣ ግን አጠገባቸው ማንም የለም። ዐይናቸው እየደከመ ስለሆነ ደረጃውን የሚወርዱት ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው። አንድ ቀን ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን ሳወጣላቸው «ልጄ ጊዜ ካለሽ ዳዊት ታነቢልኛለሽ? ፊደሉ ጠፋብኝ» አሉኝ። እሺ እማማ ብዬ ወጣሁ፣ በዛው ሳልመለስ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ ቸርቻቸው ሩቅ ስለሆነ አሁን አሁን አይሄዱም። እናቴ እሳቸው ቤት መመላለስ ከጀመርሽ ሰው ምን ይላል ትለኛለች። እኔን ግን የሰው ወሬ ብቻ አይደለም ያስፈራኝ፣ አንዴ ከጀመርኩ መውጫ የለውም ብዬ ነው፣ ሰው ሲለምነኝ እምቢ ማለት አላውቅበትም። ምን ትመክሪኛለሽ?
ከልደታ

መልስ፦

የኔ እህት፣ መጀመሪያ ዝርዝር ይዘሽ መሄዱን እንዳትተዪው። ልቤ ካልሞላ ዋጋ የለውም እያልሽ ካቆምሽ የሚጎዳው ያ ሰውዬ ነው፣ ያንተ ዳቦ የኔ ስሜት እስኪስተካከል ይቆይ ልትዪው አትችዪም። ባልደረባሽ ስለሚለው ነገር፣ አንዳንዱ ጋ እውነት ሊሆን ይችላል አልክድሽም፣ ግን አጣርቼ ካልሆነ አልሰጥም ያለ ሰው ብዙ ጊዜ አያጣራም፣ አይሰጥም እንጂ። ዮሐንስ አፈወርቅ መጽዋች ሰውን በወደብ ነው የመሰለው፣ ወደብ መርከቡ ተሰብሮበት የመጣውን ሰው ክፉ ነህ ደግ ነህ ብሎ አይጠይቅም፣ ሁሉንም ይቀበላል። እኔ ይሄ ሃሳብ ብዙ ጭቅጭቅ ገላግሎኛል። ብር መስጠት ከከበደሽ ዳቦ ግዢ፣ እሱም ካልሆነ ቆም ብለሽ እግዚአብሔር ይስጥልን በይ፣ ዐይን ዐይኑን እያየሽ።

ግን እኔ እንደሚመስለኝ ያንቺ ነገር የብር ጉዳይ አይደለም፣ ለአስራ አምስት ሰው ሰጥተሽ አንዱንም አለማወቅሽ ነው። ቋንቋችን ለማኝ የሚል ቃል እያለው አያቶቻችን ግን የኔ ቢጤ ነበር የሚሉት፣ እኔን የመሰለ፣ እንደኔ ያለ ሰው ማለት ነው። ቃሉ አሁንም አፋችን ላይ አለ፣ ስንናገረው ግን አንሰማውም። እስቲ በሚመጣው በ17 ከዛ ሁሉ ሰው አንዷን ብቻ መርጠሽ ስሟን ጠይቂያት፣ የት እንደምታድር፣ ከየት እንደመጣች። ስሟን ካወቅሽ በኋላ በሚቀጥለው ወር ስትመጪ ዐይንሽ ሌላ ሰው አይፈልግም፣ እሷ ቦታዋ ላይ አለች ወይ የለችም ብለሽ ነው የምታዪው፣ ከሌለች ደግሞ ምን ሆነች ትያለሽ። አይሰማኝም ያልሽው ስሜት እኔ ጋ የመጣው በዚህ በኩል ነው።

ደጉ ሳምራዊን ሁላችንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን፣ ግን አንድ ነገር ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ሉቃስ 10ን ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሰውዬው መጀመሪያ ቀረበ፣ ቁስሉን አሰረ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፣ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው፣ እዛም ጠበቀው። ሁለቱ ዲናር የወጣው በማግስቱ ነው! ዲናር በዛን ጊዜ የቀን ሰራተኛ የአንድ ቀን ደሞዝ ስለነበር ሁለቱ ብዙ የሚባል ብር አይደለም፣ እሱም የመጣው መጨረሻ ላይ ከእጁ በኋላ ነው። እኛ አዲስ አበቦች ግን ሩጫው በዝቶብን ይሁን እንጃ ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው፣ ብሩን ወርውረን እናልፋለን።

አሁን ወደ 4ኛ ፎቅ እንውጣ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ በእውነት ስለ እሳቸው ነው።

እኔ ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት እዛ ነበር ቤታችን፣ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ባልቴት ነበሩ፣ እማማ ነበር የምንላቸው። በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮ ወጥ በሳህን ሸፍኜ እልክላቸዋለሁ፣ በእህቴ ልጅ እኮ ነው የምልከው እራሴ አልሄድም፣ እና ጥሩ ጎረቤት ነኝ ብዬ አምን ነበር ከልቤ። አንድ እሁድ ልጁ ስላልነበረ እራሴ ይዤ ገባሁ። ሳህኑን እንኳን ዞር ብለው አላዩትም፣ «ልጄ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፣ የእግሬን ጥፍር ቁረጪልኝ፣ ማጎንበስ ካቃተኝ ቆየ» አሉኝ። ካልሲያቸውን ሳወልቅ ክሩ ከጥፍሩ ጋር ተያይዟል፣ የአውራ ጣታቸው ጥፍር ተቆልምሞ ወደ ሥጋው ገብቷል፣ እንደ ቀንድ ደርቆ መቁረጫው እምቢ አለኝ። ውሃ አሙቄ ጨው ጨምሬ በሳፋ ዘፈዘፍኩት፣ እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፣ እሳቸው ደግሞ ያኔ ነው ስለ ሞተ ልጃቸው ያወሩኝ፣ ልጅ እንደነበራቸው እንኳን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ጫማቸውን ተረከዙን ረግጠው ሲሄዱ ልማድ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ እያመማቸው ነው። ስጨርስ እግራቸውን አገላብጠው ዳሰሱትና «እግሬም ሰው አገኘ» አሉ።

ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ሕጽበተ እግር ላይ እቆማለሁ፣ የወይራና የወይን ቅጠል በተነከረበት ውሃ አባታችን እግሬን ያጥቡኛል፣ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። ጌታ ግን በዛች ሌሊት እናንተም እርስ በርሳችሁ ተጣጠቡ ነው ያለው። እኔ እስከዛች እሁድ ድረስ ታጥቤ እንጂ የማንንም እግር አጥቤ አላውቅም ነበር።

የመጻጉዕን ታሪክ ታውቂዋለሽ፣ በጾሙ 4ኛ እሁድ የሚነበበው፣ ዮሐንስ 5 ላይ ያለው፣ 38 ዓመት በአልጋው ላይ የተኛው ሰውዬ። መጠመቂያው እኮ አጠገቡ ነበር፣ ውሃውም ይናወጥ ነበር። ልትድን ትወዳለህን ሲባል የመለሰው አዎ ብሎ አይደለም፣ ሰው የለኝም ነው ያለው። እኔ ይሄን ቃል ስሰማ ያንቺ ጎረቤት ናቸው የሚመጡብኝ። ብር አላቸው፣ ቤት አላቸው፣ የሌላቸው ሰው ነው። ዐይናቸውን በተመለከተ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን በሳቸው ዕድሜ ቀስ በቀስ ፊደል የሚጠፋ ከሆነ ሞራ ሊሆን ይችላል፣ በሀገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ሞራ ነው፣ ደግሞ በኦፕሬሽን የሚነሳ ነገር ነው፣ ኦፕሬሽኑም አጭር ነው ብዙ ሰው በዛው ቀን ቤቱ ይገባል። ግላኮማ ከሆነ ግን የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ ያለውን ነው የሚያድኑት፣ ስለዚህ መፍጠን ያስፈልጋል። ምኒልክ ሆስፒታል የዐይን ክፍል አለው። ግን እስቲ አስቢው፣ ደረጃውን እየዳሰሱ የሚወርዱ እናት ታክሲ ይዘው፣ ካርድ አውጥተው፣ ወረፋ ጠብቀው፣ ስማቸው ሲጠራ ሰምተው፣ ጠብታውን በሰዓቱ አድርገው፣ ይሄን ሁሉ ብቻቸውን እንዴት ነው የሚችሉት? መጠመቂያው አለ፣ የሚያወርዳቸው ሰው ነው የጠፋው። አንድ ቀን ፈቃድ ውሰጂና አብረሻቸው ሂጂ፣ ልጃቸው ቤሩት ሆና የማትችለው ነገር ይሄ ብቻ ነው። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ለልጅቷ ደውዪላት፣ ፈቃዷንም ታገኛለሽ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ የምትጨነቅ ልጅ አንድ ሰው አብሮ ሄዷል ስትባል ምን እንደሚሰማት ልነግርሽ አልችልም።

መውጫ የለውም ያልሽው ፍርሃት እውነተኛ ነው፣ አላቃልልብሽም። ብቻቸውን ተሸክመው ጀምረው ሲደክማቸው ደግሞ ድንገት የጠፉ ሰዎች አውቃለሁ፣ የተተወው ሰው ከመጀመሪያው የበለጠ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ ብቻሽን አትሸከሚ። ማርቆስ 2 ላይ ያንን ሽባ ሰው ጣራ ነድለው ያወረዱት አራት ሰዎች ናቸው። ብሎካችሁ ውስጥ ሦስት ሰው ፈልጊ፣ አንዱ ውሃና አስቤዛ፣ አንዱ ሐኪም ቤት፣ አንዱ ማታ ማታ አንኳኩቶ ደህና ዋሉ ወይ የሚል፣ አንቺ ዳዊቱን ያዢ። ቴሌግራም ላይ ትንሽ ግሩፕ ክፈቱ በቃ። ለሳቸውም ቀኑን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፣ እማማ ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ እመጣለሁ በያቸው፣ ሌላውን ቀን እንዳይጠብቁሽ፣ ያልሽውን ቀን ግን እንዳትቀሪ፣ ለሳቸው ማክሰኞ ትልቅ ቀን ነው የሚሆነው።

ስለ ጴንጤነታቸው፣ እናትሽን በክብር ያዣት፣ ሃይማኖትሽን እንዳትለቂ ፈርታ ነው፣ ፍርሃቷ ከፍቅር ነው። ግን አንድ ነገር አስታውሺያት፣ በየወሩ በ17 የምትሳለሙት እስጢፋኖስ ዲያቆን ተብሎ የተሾመው በምን ምክንያት ነው? ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ነው፣ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶቻችን በየቀኑ እርዳታ ሲታደል ይረሳሉ ብለው ሲያጉረመርሙ ሰባት ሰው ተመረጠ፣ የመጀመሪያው እሱ ነው። ከመስበኩም ከመወገሩም በፊት ስራው የተረሱ ባልቴቶችን ማዕድ ማስተካከል ነበር፣ ያውም የቋንቋና የወገን ልዩነት የፈጠረውን በደል። ሳምራዊውና ያ የተደበደበው ሰውዬም በአንድ ቦታ አይሰግዱም ነበር። አንቺ ሂጂ፣ አትከራከሪያቸው፣ ማተብሽንም አትደብቂ፣ ዳዊቱን አንብቢላቸው። በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፣ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ የሚለውን ፈልጊላቸው፣ ያንቺ ዳዊት ላይ 70 ነው የሳቸው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ 71 ሊል ይችላል፣ ቁጥሩ ቢለያይም እሳቸው በቃላቸው ይዘውት አብረውሽ እንደሚሉት እገምታለሁ።

ሁለት ወር ጠፍቼ አሁን በምን ፊት ልግባ ካልሽ ደግሞ፣ እማማ ይቅርታ ጠፋሁ በዪና ግቢ። ሌላ ምንም ማብራሪያ አይጠይቁሽም።

ጥያቄ፦

ሰላም ነው? ፒያሳ አካባቢ ያደግን አምስት ጓደኛሞች ነን፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጎዳና ላይ ላሉ ልጆች ምሳ እናበላለን። ቲክቶክ ላይ ስንለቀው ሰው ያያል፣ ብር ይልክልናል፣ በዛ ብር ደግሞ ተጨማሪ ሰው እናበላለን። ባለፈው ግን አንዱ ልጅ ካሜራውን ሲያይ ምግቡን አስቀምጦ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ሳበው። ከዛን ቀን ጀምሮ ውስጤ ልክ አይደለም። ብንተወው ደግሞ ብሩ ይቀራል።
ከፒያሳ

መልስ፦

ወንድሜ ውስጥህ ልክ ነው፣ ስማው። ያ ልጅ ከክፍለ ሀገር እናቱን ስራ አገኘሁ ብሏት መጥቶ ይሆናል፣ ቪዲዮው ደግሞ ዛሬ እናቱ መንደር ድረስ ነው የሚደርሰው። በአንድ ሳህን ምሳ ፊቱን ገዝተን ማለት ነው፣ ይሄ ዋጋ ለኔ በጣም ከባድ ነው።

ጌታ ማቴዎስ 6 ላይ ቀኝህ የምትሰራውን ግራህ አትወቅ ይላል፣ ማቴዎስ 5 ላይ ደግሞ መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ ይብራ ይላል፣ ሁለቱንም አንድ ስብከት ላይ ነው የተናገረው። ስለዚህ ካሜራውን ጣሉት አልልህም፣ አዙሩት። ሽንኩርቱ ሲከተፍ፣ ድስቱ ሲወጣ፣ አምስታችሁ ላባችሁን ስትጠርጉ፣ የገዛችሁበት ደረሰኝ፣ የገባው ብርና የወጣው ብር፣ እነዚህን ቅረጹ። ብር የሚልከው ሰው ማወቅ ያለበት ብሩ የት እንደዋለ ነው፣ የልጁን ፊት የማየት መብት የለውም። ምግቡ ሲታደል ግን ስልኩ ኪስ ይግባ። ምናልባት ተመልካች ይቀንስባችኋል፣ ይቀንስ። እና ቅዳሜ ያንን ልጅ ፈልገው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ከተሳካልህ ቪዲዮው ካለም አጥፋው፣ ከዛ ሰጥታችሁት ዞር አትበሉ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ከዛው ምግብ አብራችሁ ብሉ።

ጥያቄ፦

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ስድስት ኪሎ፣ ከገጠር ነው የመጣሁት። እምነት ያለ ሥራ የሞተ ነው የሚለውን ያዕቆብ መልእክት ሳነብ እጨነቃለሁ፣ ኪሴ ውስጥ የታክሲ እንኳን የሌለበት ቀን አለ። እኔ ምን ልስጥ?

መልስ፦

ወንድሜ እዛው ስድስት ኪሎ የማዘር ቴሬዛ እህቶች ቤት አለ፣ ከግቢህ በእግርህ ትደርሳለህ። ጠያቂ የሌላቸው ሕሙማን ናቸው ያሉት፣ ሄደህ ምን ላግዝ ብለህ ጠይቅ፣ ልብስ ማጠብም ሰው ማጉረስም ይሆናል፣ የሚሉህን አድርግ። የጥቁር አንበሳ አስታማሚዎችንም አስብ፣ ከሩቅ ሀገር በሽተኛ ይዘው መጥተው ውጭ ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩ አሉ፣ ብዙዎቹ ከተማውን አያውቁትም አንዳንዶቹም አማርኛ አይችሉም። ያንተን አካባቢ ቋንቋ የሚናገር ሰው ካገኘህ ወረቀቱን አንብበህለት ላቦራቶሪው በየት ነው፣ መድኃኒቱ የት ይገዛል ብለህ ብታስረዳው፣ ያ ሰውዬ ብር ከሰጠው ሰው ይልቅ አንተን ነው የሚያስታውሰው፣ እኔ በዐይኔ ያየሁት ነው። አንዲት እናት ራጅዋን በፌስታል ይዛ ሦስት ቀን ሙሉ የተሳሳተ በር ላይ ስትሰለፍ ነበር፣ ማንም አልነገራትም።

ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስታውስ፣ በ2013 ዓ.ም ያረፉትን። ወሎ ረሃብ በገባበት ጊዜ ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ሄደው የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕጻን አዩ። ሁለት ልጅ ይዘው ተመለሱ፣ ድርጅት አልነበራቸውም በጀት አልነበራቸውም፣ ከዛ ልጆቹ ሲበዙ ትዳራቸውን እስከማጣት ደርሰዋል። ያዕቆብም ቢሆን የሚወቅሰው እንዳንተ ኪሱ ባዶ የሆነውን አይደለም፣ እየቻለ በደኅና ሂዱ እሳት ሙቁ ብሎ የሚሸኘውን ነው።

ደግሞ ደም አለህ አይደል። ዕድሜህ 18 ካለፈ ክብደትህ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነና ጤነኛ ከሆንክ በየ3 ወሩ መለገስ ትችላለህ፣ ደም ባንኩ ስታዲየም አካባቢ ነው፣ አንዳንዴም ግቢያችሁ ድረስ መጥተው ይሰበስባሉ። ከደሙ የሚለየው ፕላትሌት የሚባለው ከ5 ቀን በላይ አይቀመጥም፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ሕጻናት ደግሞ በጣም ይፈልጉታል፣ ለዛ ነው ሁሌም ሰው የሚጠሩት። ባዶ ሆድህን ግን እንዳትሄድ፣ እየጾምክ ከሆነ ከቅዳሴ በኋላ ደህና አድርገህ በልተህ፣ ውሃም ጠጥተህ ከሰዓት ሂድ፣ የዛን ቀን ማታ ደግሞ ኳስ እንዳትጫወት።